ዋይት ፈር፦ በተራራው ላይ ለይቶ ማወቅ፣ በግቢ ተክሎ ማሳደግ

በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ቅጠሉ መርፌ የሚመስል ዛፍ ሁሉ ለብዙዎቻችን «ጥድ» ነው። ለሽርሽር ለወጣ ሰው ይህ ይበቃዋል። ዛፉን ግቢው ውስጥ ሊተክል ላሰበ ሰው ግን አይበቃም። እነዚህ ዛፎች ከሩቅ ቢመሳሰሉም ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንዱ የከተማ ሙቀት ይችላል፤ ሌላው ከለመደው ከፍታ ሲወርድ ይጎሳቆላል። ምን እንደሆነ ሳያውቁ የተከሉት ዛፍ ስንት ዓመት ተደክሞበት ሲደርቅ ማየት በጣም ያሳዝናል።

እነዚህ ዛፎች እንደ ፈር፣ ስፕሩስና ፓይን ባሉ ወገኖች ይከፈላሉ፤ ይህ መመሪያ ከፈሮቹ አንዱ ስለሆነው ስለ ዋይት ፈር ነው። ችግኝ መሸጫዎች «ኮንከለር ፈር» ብለውም ይሸጡታል፤ ሁለቱም ያው ዛፍ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙ አቢየስ ኮንከለር ነው። ከምዕራቡ የፈር ዝርያዎች ውስጥ ደረቅ አየርንና የከተማ ግቢን ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል። በዴንቨር፣ በኦሮራ፣ በሶልት ሌክ ሲቲ ወይም በሬኖ የሚኖር ሰው ፈር መትከል እፈልጋለሁ ካለኝ፣ መጀመሪያ የማነሳለት ስም ይሄ ነው።

ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅልበትን ቦታ ልብ ብሎ ያየ ሰው የአሳዳጊነቱን ግማሽ ተምሯል። ስለዚህ አካፋ ከማንሳታችን በፊት ወደ ተራራው እንውጣ።

አገሩ የት ነው?

ዋይት ፈር በሁለት ትላልቅ የተራራ ሰንሰለቶች በኩል ይወርዳል። በምዕራብ ከኦሪጎን ካስኬድ ተራሮች ተነስቶ በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ አልፎ እስከ ሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ሰሜናዊ ተራሮች ይደርሳል። በምሥራቅ ደግሞ በሮኪ ተራሮች በኩል ከደቡብ አይዳሆ ጀምሮ በዩታ፣ በኮሎራዶ፣ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ይገኛል። ኮሎራዶ ውስጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ ቢነዳ ይሻለዋል። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ አካባቢ ወደ ታች ባሉት ተራሮችና ሸለቆዎች በደንብ ይገኛል።

ከፍታው እንደ ቦታው ከ900 ሜትር እስከ 3,400 ሜትር ይደርሳል። በብራይስ ካንየን አፋፍ፣ በግራንድ ካንየን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከአልበከርኪ በላይ ባሉት የሳንዲያ ተራሮችና በታሆ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ጫካዎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። በሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ከእነዚያ ግዙፍ ሴኮያዎች ሥር ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድገው አብዛኛው ዛፍ እሱ ነው። ጎብኚው ሁሉ ሴኮያውን እያየ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ቆም ብላችሁ እንድታዩት እመክራለሁ።

የሮኪ ተራሮቹና የካሊፎርኒያው መጠነኛ ልዩነት አላቸው። የካሊፎርኒያው በጣም ይረዝማል፤ ከ60 ሜትር በላይ የሚደርስ አለ። የሮኪው አጠር ያለ፣ ቅጠሉም ይበልጥ ወደ ብርማ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ለግቢ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ይሄኛው ነው።

አሁን የሚበቅልበትን መሬት አስተውሉ። ተዳፋት ነው። አፈሩ ጠጠር የበዛበት ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም። ክረምቱን በረዶ ይሸፍነዋል፤ በጸደይ በረዶው ቀስ እያለ ቀልጦ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በልጅነቱ የሌሎች ዛፎች ጥላ አለው። መሬቱ በወደቀ ቅጠልና ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ይህንን በግቢያችሁ ለመድገም የሚደረግ ጥረት ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ?

ከሩቅ መጀመር ያሳስታል። ከቅጠሉ ጀምሩ፤ እጃችሁን ተጠቀሙ።

1. አንድ ቅጠል ነጥላችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታችሁ መሐል ለማንከባለል ሞክሩ። ቅጠሎቹ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ሆነው ከአንድ ቦታ አብረው ከወጡ ፓይን ነው፤ ወደ ሌላ ዛፍ እለፉ። ለብቻው የወጣ ሆኖ አራት ማዕዘን ስላለው በቀላሉ ከተንከባለለ ስፕሩስ ነው። ዝርግ ሆኖ አልንከባለል ካለ ፈር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

2. ቅጠሉ የተነጠለበትን ቦታ እዩ። ፈር ላይ ለስላሳ ክብ ምልክት ብቻ ይቀራል። ስፕሩስ ላይ ግን እንደ ትንሽ ችካል የቆመ ጉብታ ይቀራል። የደረቀ የስፕሩስ ቅርንጫፍ ስትዳስሱት የሚሻክረው ለዚህ ነው።

3. የቅጠሉን ፊትና ጀርባ አነጻጽሩ። ዋነኛው ምልክት ይሄ ነው። የዋይት ፈር ቅጠል በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ብዙ ሌሎች ፈሮች ከላይ ደማቅ አረንጓዴ፣ ከታች ደግሞ ሁለት ነጭ መስመሮች አሏቸው።

4. ርዝመቱን ለኩ። ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቅጠል ለፈር ረጅም ነው። ጫፉ ደነዝ ስለሆነ አይወጋም። አብዛኛው ቅጠል ከቅርንጫፉ ጎን ወጥቶ ወደ ላይ ቀና ይላል።

5. ቅጠሉን አሽታችሁ አሽትቱት። የሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ጠረን ይሰጣል። ይህን ጠረን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው አይረሳውም።

6. ከዚያ ቀና በሉ። ኮን የሚባለው ፍሬው ከዛፉ አናት አካባቢ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ ሽቅብ ይቆማል። በርሜል የመሰለ ሲሆን ርዝመቱ በአማካይ ከ7 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለሙ መጀመሪያ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ነው፤ ሲበስል ቡናማ ይሆናል። በመስከረምና በጥቅምት እዚያው ዛፉ ላይ እንዳለ ይፈራርሳል፤ ቅርንጫፉ ላይ የሚቀረው እንደ ሹል እንጨት የቆመው መሐለኛው ብቻ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ብዙ ሙሉ የደረቀ ፍሬ ካገኛችሁ የሌላ ዛፍ ነው ማለት ነው። ሽኮኮ ቆርጦ የጣለው አረንጓዴ ፍሬ ግን ሊገኝ ይችላል።

7. ቅርፊቱን ዳብሱ። የወጣት ዛፍ ቅርፊት ለስላሳና ግራጫ ነው፤ ሙጫ የቋጠሩ እብጠቶች አሉበት። በጥፍር ሲጫኗቸው ሙጫው ፊጭ ይላል፤ ልብሳችሁን ጠብቁ። ዛፉ ሲያረጅ ቅርፊቱ ወፍሮ ጥልቅ ስንጥቅ ያወጣል።

በብዛት የሚምታቱት

ዳግላስ ፈር ስሙ ፈር ቢሆንም እውነተኛ ፈር አይደለም። ቅጠሉ ዝርግ ስለሆነ መጀመሪያው ፈተና ላይ ያሳስታችኋል። ፍሬው ግን ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ከቅርፊቶቹ መሐልም ሦስት ጣት ያለው ቀጭን ምላስ ብቅ ይላል። ፍሬ ባይኖር የቅርንጫፉን ጫፍ እዩ። የዳግላስ እምቡጥ ሹልና ደረቅ ቡናማ ነው። የዋይት ፈር ክብና ሙጫ የለበሰ ነው።

ብሉ ስፕሩስ ቀለሙ ስለሚመሳሰል በከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ቅርንጫፉን ጨብጡት። ብሉ ስፕሩስ ይዋጋል።

ሰብአልፓይን ፈር የዋይት ፈር የቅርብ ዘመድ ነው። ከፍ ያለ ቦታ፣ ዛፍ እስከሚያቆምበት ድንበር ድረስ ይበቅላል። ቁመናው ቀጭንና ሹል ነው፤ ቅጠሉ አጠር ያለ፣ ፍሬው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው። ሙቀትና ደረቅ አየር አይወድም። ተራራ ላይ አምሮ ያያችሁትን ይህን ዛፍ ዴንቨር ግቢ ውስጥ ለመትከል አትቸኩሉ።

ግራንድ ፈር በሰሜን ምዕራብ ይገኛል። ቅጠሉ ከላይ ያብረቀርቃል፤ በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ዝርግ ብሎ የተደረደረ ነው። በኦሪጎንና በሰሜን ካሊፎርኒያ ከዋይት ፈር ጋር ይዳቀላል። እዚያ አካባቢ የሁለቱንም መልክ የያዘ ዛፍ ብታዩ አትገረሙ፤ ስሙን በእርግጠኝነት ለመጥራትም አትድከሙ።

በሴራ ኔቫዳ ከፍ ስትሉ ሬድ ፈር ታገኛላችሁ። የቅጠሉ ግርጌ ጎበጥ ብሎ ቅርንጫፉን ተጠግቶ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ላይ የሚቀናው። የአሮጌው ቅርፊት ቀላ ያለ ነው።

ቦታ መምረጥ

ችግኙ ትንሽ ስለሆነ ሰው ቤቱ ጥግ ይተክለዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ዋይት ፈር በግቢ ውስጥ ከ9 እስከ 15 ሜትር ሊረዝም፣ ከ5 እስከ 8 ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳይኖር ተመልከቱ።

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ትንሽ ጥላ ያለው ቦታ በጣም ይስማማዋል። ሙሉ ፀሐይም ይችላል። የሚጎዳው የደቡብና የምዕራብ ግድግዳ ነጸብራቅና የአስፋልት ሙቀት ነው። በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚበተንበት መንገድ ዳርም አይሆነውም።

አፈሩን መርምሩ። ቁመቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ከጠጣው በኋላ ደግማችሁ ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም ካልሰረገ ቦታው አይሆንም። የዴንቨርና የአካባቢው አፈር ብዙውን ጊዜ ከባድ ሸክላ ነው። ዋይት ፈር ድርቅን በመጠኑ ይችላል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆምን ግን ፈጽሞ አይችልም። አማራጭ ከሌላችሁ አፈሩን ሰፋ አድርጋችሁ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ በማድረግ በጉብታ ላይ ትከሉት።

ከተማ ውጪ፣ ተራራ ግርጌ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ እሳትን አስቡ። ዋይት ፈር ቅርንጫፉ እስከ መሬት ስለሚወርድ እሳት ከሣር ወደ አናቱ በቀላሉ ይወጣበታል። በሴራ ኔቫዳ ለረጅም ዓመታት እሳት ሁሉ እየጠፋ በመኖሩ ይህ ዛፍ ከሴኮያዎቹ ሥር ከመጠን በላይ በዝቷል፤ ዛሬ እሳት ሲነሳ እንደ መሰላል ሆኖ ወደ ትላልቆቹ አናት ያደርሰዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ ከቤት 9 ሜትር በታች አትትከሉት።

ችግኝ መግዛት

ትልቅ ዛፍ መግዛት ያጓጓል። እኔ ግን ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል የሚሆነውን እመርጣለሁ። ዋጋው ይቀንሳል፤ ሥሩም ከአዲሱ መሬት ጋር ቶሎ ይላመዳል።

ስትገዙ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አትመኑ። ከላይ ያሉትን ፈተናዎች እዚያው አድርጉ። ቅጠል አሹ፣ ጀርባውን እዩ፣ ጠረኑን አሽትቱ። አናቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መሪ ጫፍ መኖሩን አረጋግጡ። በፕላስቲክ ማሰሮ ያለ ከሆነ ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ዙሪያውን ተጠምጥሞ ወፍራም ገመድ የሠራ ከሆነ ተዉት።

አተካከል

ጥሩው ጊዜ መሬቱ ከቀለጠ በኋላ ያለው ጸደይ ወይም የመስከረም መጀመሪያ ነው። በበልግ ከዘገያችሁ ሥሩ ሳይዘረጋ ብርድ ይደርስበታል። አሜሪካ ውስጥ ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት በፊት 811 ደውሉ። የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር ያለበትን ቦታ በነጻ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል።

1. ጉድጓዱን ሥሩን ከያዘው አፈር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አስፉት። ጥልቀቱ ግን ከአፈሩ ቁመት አይብለጥ፤ እንዲያውም ጥቂት ይነስ።

2. ግንዱ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር የሚቀየርበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ማሰሮው ውስጥ በአፈር ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ትርፉን አፈር ጠርጋችሁ አግኙት። ይህ ቦታ ከግቢው መሬት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ጠልቆ የተተከለ ዛፍ ወዲያው አይሞትም። ግንዱ ቀስ በቀስ ይታፈናል፤ ከዓመታት በኋላ ሲደርቅ ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

3. በጆንያና በሽቦ ተጠቅልሎ የመጣ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ካስቀመጣችሁት በኋላ ሽቦውንና ጆንያውን የቻላችሁትን ያህል ቆርጣችሁ አውጡ። ግንዱ ላይ የታሰረ ገመድ በጭራሽ እንዳይቀር።

4. ያወጣችሁትን አፈር መልሱ። ጉድጓዱን በኮምፖስት ብቻ አትሙሉት። ሥሩ ያቺን የተመቸች ቦታ ለቆ ወደ ውጭ መሄድ ያቅተዋል፤ በሸክላ አፈር ውስጥ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ማቆሪያ ይሆናል። በእግር ረግጣችሁ አትጠቅጥቁ። ውሃ ስታጠጡት አፈሩ ራሱ ቦታውን ይይዛል።

5. ጉዝጓዝ አልብሱት። የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የጥድ ቅርፊት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ዙሪያውን አንጥፉ፤ ከግንዱ ግን አንድ ጋት አርቁት። ሣሩን በዚህ ክብ ውስጥ አታስገቡ።

6. በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ነፋስ የበረታበት ቦታ ካልሆነ በስተቀር በእንጨት አትደግፉት፤ ከደገፋችሁትም በዓመቱ ፍቱት።

ውሃ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። በደረቁ ምዕራብ የተተከለ ዋይት ፈር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በውሃ ምክንያት ነው፤ ወይ በማነስ ወይ በመብዛት።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ሥሩ ያለበትን አፈር አርጥቡ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጣም ሲሞቅ ሁለት ጊዜ፣ በጥልቀት አጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። ቀስ ብሎ የሚፈስ ጎማ አስቀምጣችሁ ውሃው 30 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ ጠብቁ። የወረደበትን ለማወቅ ረጅም ጠመንጃ መፍቻ መሬቱ ላይ ክተቱ። እርጥቡን አፈር በቀላሉ ይበሳል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከማጠጣታችሁ በፊትም ይህንኑ አድርጉ፤ አሁንም እርጥብ ከሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ክረምቱን ነው። ቅጠሉ ስለማይረግፍ ዛፉ በክረምትም ውሃ ያጣል። ተራራው ላይ በረዶ ይሸፍነዋል፤ ዴንቨር ግን በክረምት መሐል ለሳምንታት ደረቅ ፀሐይና ነፋስ ይሆናል። መሬቱ ባዶ ነው፣ ቅጠሉ ይተነፍሳል፣ ሥሩ የሚስበው የለውም። ዛፉ ያን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፤ በጸደይ ግን ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት የፈረንጅ ወራት፣ በረዶ ካልሸፈነውና ዝናብ ካልጣለ፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አጠጡ። የአየሩ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም ከ40 ፋራናይት በላይ የሆነበትን ቀን ምረጡ። ማታ በረዶ ከመሆኑ በፊት እንዲሰርግ እኩለ ቀን ላይ ይሁን። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኢንች የግንድ ውፍረት 10 ጋሎን ነው። ግንዱ 2 ኢንች ከሆነ 20 ጋሎን፣ ወደ 76 ሊትር ማለት ነው። ይህን ለጥቂት ዓመታት ሳታቋርጡ አድርጉ። በደረቅ ክረምት ለትልቁም ዛፍ ቢሆን ያስፈልገዋል።

መግረዝ

ጥቂት ብቻ። የደረቀና የተሰበረ ቁረጡ። ሁለት መሪ ጫፍ ካወጣ ደካማውን አስወግዱ። የታችኛውን ቅርንጫፍ ለማሳመር ብላችሁ አትቁረጡ፤ አንዴ ከሄደ አይተካም፤ ለሥሩም ጥላው ነው። የእሳት ስጋት ባለበት አካባቢ ግን ዛፉ ሲረዝም የታችኞቹን ቀስ በቀስ ማንሳት ያስፈልጋል።

ከዘር ማሳደግ ለሚወድ

ትዕግስት ላለው ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው። ከቅርንጫፍ ቆርጦ ማብቀል አልመክርም። ፈር በዚህ መንገድ ሥር ለማውጣት ያስቸግራል፤ ቢያወጣም ብዙ ጊዜ እንደ ቅርንጫፍ ወደ ጎን ነው የሚያድገው።

ዘሩን ከሻጭ ግዙ። ከብሔራዊ ፓርክ ዘር መልቀም ክልክል ነው፤ ከብሔራዊ ደን ለመልቀም ደግሞ የአካባቢውን የደን ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። የምትኖሩት ኮሎራዶ ከሆነ የሮኪ ተራሮች ዘር መሆኑን ጠይቁ። የካሊፎርኒያው ለዚያ ብርድ ያን ያህል አልተሠራም።

ዘሩን ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ውሃውን አጥልላችሁ ከእርጥብ አሸዋ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቆይ። ዘሩ ክረምት እንዳለፈ የሚያውቀው በዚህ ነው። አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ሻጋታ መኖሩን እዩ።

ከዚያ ጠለቅ ባለ ማሰሮ፣ ውሃ በደንብ በሚያሳልፍ አፈር ውስጥ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሸፍናችሁ ዝሩ። በርከት አድርጋችሁ ዝሩ፤ የፈር ዘር ብዙው ባዶ ነው። ችግኙ ሲወጣ ከቀጥታ ፀሐይ ከልሉት። በዚህ ዕድሜው ዋናው ጠላቱ ግርጌውን አበስብሶ የሚጥለው የፈንገስ በሽታ ነው። ስለዚህ አየር ይግኝ፣ አፈሩም ረግረግ አይሁን። በመጀመሪያው ዓመት የሚያድገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አትደንግጡ። ጉልበቱን ሥሩ ላይ እያዋለ ነው። ወደ ግቢ የሚወጣው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው።

የሚያስቸግሩት

ቱሶክ ሞዝ የሚባል የእሳት ራት አለ። አባጨጓሬው ዋይት ፈርን፣ ዳግላስ ፈርንና ስፕሩስን ከአናት ጀምሮ ቅጠሉን እየበላ ይወርዳል። በሮኪ ግርጌ ባሉ ከተሞች ግቢ ውስጥ ያሉ ዛፎችን ያጠቃል። ከግንቦት ማብቂያ ጀምሮ አናቱን በየሳምንቱ እዩ። አባጨጓሬው ገና ትንሽ ሳለ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል ባክቴሪያ የያዘ መርጫ ይሠራል፤ ካደገ በኋላ ብዙም አይረዳም። ጸጉሩ ቆዳ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ልጆችንም አስጠንቅቁ።

ፈር ኢንግሬቨር የሚባለው ጥንዚዛ ከቅርፊቱ ሥር ይገባል። አናቱ ወይም አንድ ቅርንጫፍ በድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ከተቀየረና ግንዱ ላይ ሙጫ ከፈሰሰ ጠርጥሩት። የሚያጠቃው በአብዛኛው በድርቅ የተዳከመ ዛፍ ነው። ከገባ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አያድነውም፤ መከላከያው ከላይ ያልነው ውሃ ነው።

ዛፉ በአጠቃላይ ፈዝዞ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ የሥር መበስበስን አስቡ፤ ማጠጣቱን ወዲያው ቀንሱ። አጋዘን የሚመላለስበት ቦታ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሽቦ አጥር ክበቡት።

ለገና

ዋይት ፈር የገና ዛፍ ሆኖ በሰፊው ይሸጣል። ቅጠሉን ቶሎ አያራግፍም፤ ቤቱንም ደስ በሚል ጠረን ይሞላል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ፣ ፈረንጆቹ ከምስጋና ቀን ማግስት የሚገዙትን ዛፍ እስከዚያ ማቆየት ይከብዳል። ከፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ በኋላ ብትገዙ ይሻላል። ራሳችሁ ከብሔራዊ ደን መቁረጥ ከፈለጋችሁ ለዚያ ደን የወጣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል በኅዳር መጀመሪያ ተከታተሉት፤ የትኛውን ዝርያ መቁረጥ እንደሚቻልም እዚያው አንብቡ።

ቤት ስታደርሱት ከግንዱ ግርጌ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በመጋዝ ቆርጣችሁ ወዲያው ውሃ ውስጥ አቁሙት። መጀመሪያ ቀን ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ መያዣው እንዳይደርቅ። ከማሞቂያና ከሻማ አርቁት፤ ለቡና የሚቀጣጠለው ከሰልም ከአጠገቡ አይሁን።

ሥሩን ይዞ በማሰሮ ያለ ዛፍ ለገዙ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ቤት ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ አታቆዩት። ሙቀቱ ጸደይ መጣ ብሎ እንዲነቃ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ በረዶ ሲወጣ ይሞታል። ከገና ሁለት ቀን በፊት አስገቡት፣ ከበዓሉ በኋላ መጀመሪያ ወደ ጋራዥ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ውጭ አውጡት። የሚተከልበትን ጉድጓድ መሬቱ በረዶ ሳይሆን በኅዳር ቆፍራችሁ፣ አፈሩን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጡት።